ማደያ ላይ ሚስቱን ጥሎ የሄደው ሰው

መኪና መንዳት አልችልም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደታች ስታነቡ እንዳትረሱብኝ ነው። መጠጥም አልቀምስም፤ አንዴ ሠርግ ላይ ብርዝ ጠጥቼ ራሴን ያዞረኝ ሰው ነኝ። ውሻም ኖሮኝ አያውቅም። እንዲያውም ውሻ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። ዛሬ ግን ጆሃንስበርግ አጠገብ ካትሌሆንግ መጥታችሁ፣ ያ ውስኪ የሚጋተው፣ ውሻውን ዝናብ ላይ አስሮ ሚስቱን ነዳጅ ማደያ ላይ ጥሎ የሄደው ሰውዬ የት ነው የሚኖረው ብትሉ፣ ማንም ሰው የኔን ሱቅ ያሳያችኋል። አንዳንዱም እስከ በሩ ድረስ ይሸኛችኋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከባለቤቴ ከመሰረት ነው። መሰረት ጊታር የተማረችው ሆሳዕና እያለች፣ ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር ነው። ጆሃንስበርግ ከመጣን በኋላ እኔ ካትሌሆንግ ውስጥ ስፓዛ ከፈትኩ። ስፓዛ ማለት ባለቤቱ እንደ እስረኛ ከፍርግርግ ብረት ጀርባ ቆሞ ዳቦና ስኳር የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ናት። እሷ ደግሞ መሀል ከተማ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ጄፒ ጎዳና፣ አንድ ፎቅ ላይ የሹሩባ ቤት ከፈተች። ጊታሯ ሱቃችን ጓዳ ውስጥ የበቆሎ ዱቄት ላይ ተጋድሞ አቧራ ሲጠጣ ከረመ።

አንድ ቀን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደክሟት ሳለ፣ አነሳችውና መታ መታ አደረገችው። መስኮቱ ጋ ማሉሜ ሲፖ ቆሞ ነበር። ማሉሜ ማለት አጎቴ ማለት ነው፤ ጡረታ የወጣ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ባርኔጣውን ሲተኛም የሚያወልቀው አይመስለኝም። ካንትሪ የሚሉትን የአሜሪካ ባላገሮች ሙዚቃ እዚህ አገር ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው አብዝቶ ይወደዋል። የኛም አባቶች ይወዱት ነበር። አባቴ አንዲት ቃል እንግሊዝኛ ሳያውቅ ሬዲዮ ላይ ካንትሪ ሲሰማ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። ምን እያለ ነው ሲባል፣ "እኔ ምን አውቄ፤ ሰውየው ግን ተጎድቷል" ይላል። ማሉሜ ሲፖ ዳቦውን መስኮቱ ላይ ረስቶ ሄደ፤ ተመልሶ ሲመጣ ባንጆ የሚባል የክር መሣሪያ ይዞ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ባንዱ ተቋቋመ። ከሰፈሩ አንድ ከበሮ መቺና አንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ጨመሩ። ስሙን "ሰንደይ ባኪ" አሉት፤ እዚህ አገር ፒክአፕ መኪናን ባኪ ይሉታል፤ እሁድ እሁድ የሚለማመዱት የማሉሜ ባኪ ኋላ ላይ ተቀምጠው ነውና። ፓስተራችን ጉዳዩ ዘፈን ነው ወይስ መዝሙር ተብለው ተጠየቁ። መጥተው፣ ቆመው፣ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ "ዘፈንም አይደለም፣ መዝሙርም አይደለም፤ ለቅሶ ነው። ለቅሶ ደግሞ አልተከለከለም" ብለው መነጽራቸውን እየጠረጉ ሄዱ።

ችግሩ የግጥሙ ነገር ነው። ሹሩባ ቤት ገብታችሁ የማታውቁ ወንዶች፣ አትግቡ። አንዲት ሴት ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች ግማሽ ቀን አንገቷን መነቅነቅ አትችልም፤ ያላት ነፃ ነገር አፏ ብቻ ነው። ባሏ ያደረጋት፣ ያላደረጋት፣ ሊያደርጋት አስቦ የተወው ሁሉ እዚያ ይወጣል። መሰረት ጣቷ ይሠራል፣ ጆሮዋ ይሰበስባል። ማታ ቤት ስትመጣ ለኔ ትነግረኛለች፤ ከዚያ "ለማንም እንዳትናገር፣ ምያለሁ" ትላለች። እኔም እምላለሁ። በዚህ ዓይነት ስንቱን ባል ሰላም እያልኩ ጉዱን ሆዴ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ መሰላችሁ።

ከዚያ ያን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ዘፈን ቀየረችው። ስምና ሰፈር የለውም፤ ትንሽ ዝናብ፣ ትንሽ ውስኪ፣ አንድ ውሻ ትጨምርበታለች። "ካንትሪ ያለ ዝናብ አይሆንም" ትላለች። ይሁን። ግን ሁሉንም "እኔ" እያለች ነው የምትዘፍነው። እኔን ጥሎኝ፣ እኔን ረስቶኝ፣ የኔን ጊታር ሽጦ።

"መሲዬ፣ 'እሷ' ብትያቸውስ?" አልኳት በጊዜው።

"በ'እሷ' ማን ያለቅሳል?" አለችኝ።

አልበሙ ወጣ፤ የእሱም የዋናው ዘፈኑም ርዕስ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ "ማደያው ላይ ጥሎኝ ሄደ" ነው። የዚህን ዘፈን ምንጭ ካልነገርኳችሁ የሚከተለው አይገባችሁም፤ መሐላውም ዛሬ ላይ ተነስቶልኛል።

ጋሽ ወልዴ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። በዚህ ከተማ ውስጥ የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ እሳቸው ሳያስታርቁት አይታረቅም፤ ምክትሎቻቸው ጋሽ ኤርሚያስና ጋሽ ደሳለኝ ናቸው። ሦስቱም አንድ ጊዜ ለሠርግ ወደ ደርባን ሲሄዱ የጋሽ ወልዴ ባለቤት፣ እትዬ አማረች፣ አብረው ነበሩ። እንደ ልማዳችን ወንዶቹ ከፊት ከፊት ተቀምጠው የአገር ቤት ፖለቲካ ይዘዋል፤ እትዬ አማረች መጨረሻው ወንበር ላይ ለሠርጉ የጋገሩትን ድፎ ዳቦ ታቅፈዋል። መንገድ ላይ ሃሪስሚዝ የምትባል ከተማ ነዳጅ ሊቀዱ ቆሙ። እትዬ አማረች እግራቸው አብጦ ስለነበር ጫማቸውን መኪናው ውስጥ ትተው በባዶ እግራቸው ወደ መጸዳጃ ሄዱ። ዳቦውን ግን ይዘውት ወረዱ፤ ወንዶቹ እንዳይቆርሱት። ሲመለሱ መኪናው የለም። እነ ጋሽ ወልዴ መንግሥት እየጣሉ መንግሥት እያነሱ ከዚያ ወዲያ ያለውን ተራራ ወርደው፣ ሲርባቸው ጊዜ "እስቲ ከዳቦዋ አቅምሺን" ቢሉ መልስ ጠፋ። ያኔ ነው የታወቃቸው። ተመልሰው ሲመጡ ጋሽ ወልዴ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል "እንዴት ሳትነግሪኝ ትወርጃለሽ?" የሚል ነበር። ሌላ ነገር ሳይሉ ዓመታት አለፉ። እትዬ አማረች ይህን ለሰው የነገሩት አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመሰረት ወንበር ላይ ነው።

አልበሙ በጣም ተወደደ። እንዲህ ይወደዳል ብሎ ያሰበም የለም። መጀመሪያ የማሉሜ ሲፖ የድሮ ጓደኞች ታክሲያቸው ውስጥ ከፈቱት፤ ከካትሌሆንግ እስከ መሀል ከተማ፣ ከመሀል ከተማ እስከ አሌክሳንድራ ሰፈር ሰው እያለቀሰ መውረድ ጀመረ። ከዚያ ሬዲዮ ላይ ወጣ። ከዚያ ሠርግ ላይ ይጠሩአቸው ጀመር፤ ሰው በሠርጉ ቀን ተጥሎ ስለመቅረት ምን ይሰማል አትሉም? ይሰማል። እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። መስኮቱ ላይ የአልበሙን ፎቶ ለጠፍኩ፤ ለገዢው ሁሉ "ሚስቴ ናት" እላለሁ። እዚህ ላይ ነው ጉድጓዴን በገዛ እጄ የቆፈርኩት።

በማግስቱ አንዲት ጎጎ፣ ማለትም አሮጊት እናት፣ ዳቦ ሊገዙ መጡ። ፎቶውን አዩ፤ እኔን አዩ።

"ሀዎ!" አሉ በመገረም። "ሚስትህ ናት?"

"አዎ ጎጎ" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

"ታዲያ ለምን ማደያ ላይ ጣልካት?"

"እኔ አይደለሁም፤ ዘፈን ነው።"

"ልጄ፣ እኔም ባል ነበረኝ" ብለው ዳቦውን ትተው ወደ ማዶው ሱቅ ተሻገሩ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ከኔ አልገዛም አለ። ግማሹ ገዝቶ ከገዛው ላይ አንድ ብስኩት መልሶ በፍርግርጉ ያቀብለኝና "ለሷ ስጥልኝ፤ አንተ እንዳትበላው" ይላል። አንዱ ጎረምሳ ዝናብ በጣለ ቁጥር መስኮቴ ጋ መጥቶ እንደ ውሻ ያላዝናል። የሐበሻው ደግሞ የባሰ ነው። ዕቃ ላመጣ ከተማ ስወርድ የማውቃቸው ሰዎች ወዲያ ይዞራሉ። የጅምላ ሻጩ ልጁን "ለሱ ኮላ ስጠው፤ ሌላ ነገር እንዳታቀርብለት" ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። ፓስተራችን ሳይቀሩ በጸሎት መሀል "በመጠጥ መንፈስ የታሰሩትን ፍታ" ሲሉ ዓይናቸውን ገልጠው ተመለከቱኝ።

እናቴ ከሆሳዕና ደወለች። ድምጿ ተሰብሯል።

"ሰማሁ ልጄ። አዘንኩብህ።"

"እማዬ፣ ውሸት ነው…"

"መኪና ገዝተህ ለኔ ሳትነግረኝ?"

የዘፈን መኪና ነው ብላት አላመነችም፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራ ጨርሳ ነበር። ሚስቱን ጥሏታል መባሌ ብዙም አላሳሰባትም፤ ፎቶውን ላክልኝ አለች፤ የመኪናውን።

አንድ እሁድ ከሰዓት የጓዳው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ ወልዴ፣ ጋሽ ኤርሚያስ፣ ጋሽ ደሳለኝ፤ ሦስቱም ኮት ለብሰው።  ቆመው ቀሩ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ።"

"ለዕርቅ ነው የመጣነው። ካልፈቀድክልን አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ወልዴ።

ሽማግሌ በራፍ ላይ ቆሞ ምን ይባላል? ፈቀድኩ። የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ጨርቅ አልብሼ አስቀመጥኳቸው። መሰረት ከልምምድ ተመልሳ ጊታሯን እንዳንጠለጠለች ገባችና ስታያቸው በቆመችበት ደረቀች።

ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ እኔ ዘፈን አልሰማም፤ ዜና ነው የምሰማ። ነገር ግን የዚህች ልጅ እሮሮ ከተማውን ሞልቶታል። ይህን የመሰለ ትዳር ምን ነካው? ትጠጣለህ አሉ።"

"ጋሼ፣ ጠጥቼ አላውቅም።"

ጋሽ ኤርሚያስ ወደ ጋሽ ደሳለኝ ዘንበል ብለው፣ "ሁሉም እንዲህ ነው የሚል" አሉ።

"ማደያ ላይ ጥለሃት በመኪና ሄድክ ይባላል።"

"መኪና የለኝም። መንዳትም አልችልም።"

"የት አደረስከው?" አሉ ጋሽ ደሳለኝ።

"ምኑን?"

"መኪናውን።"

መሰረት መሳቅ አማራት፤ እኔ ማልቀስ አማረኝ። "አባቶቼ" አለች፣ "እሱ ምንም አላደረገኝም። ይህን የመሰለ ሰው የለም። ዘፈን ነው።"

ጋሽ ወልዴ ደግና ፍርድ አዋቂ ሰው ናቸው፤ መከራዬም ይኸው ነው። "እንግዲያው ነገሩ ሌላ ሆነ" አሉ። "እሱ ካላጠፋ፣ አንቺ የባልሽን ስም በየታክሲው አጥፍተሻል ማለት ነው። እኛ ሴት ልጅ በደሏን አትናገር አንልም። የሌለ በደል ስታወራ ግን ዝም አንልም። ካጠፋ ይቅርታ ይጠይቅሽ፤ ካላጠፋ ጊታሩን ትሰቅያለሽ።"

የመሰረት ፊት ጠቆረ። ሁለተኛውን አልበም ጀምረው ነበር። ጊታሯን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። እኔ ይህችን ሴት አውቃታለሁ፤ ከሹሩባ ቤት ጣቶቿ ቆስለው መጥታ፣ ገመዱን ስትነካው ፊቷ እንዴት እንደሚፈታ ሁልጊዜ አያለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለ ዘፈን ልትኖር? ልናገር ብል ደግሞ የእትዬ አማረች ምስጢር ይወጣል፤ ዳግመኛ ማን ሴት እዚያ ወንበር ላይ ልቧን ትከፍታለች? ተናግሬስ ምን ልል ነው? "ጋሼ፣ የጣሉት እርስዎ ነዎት"? 

"ሳንሰማ አንፈርድም" አሉ ጋሽ ወልዴ። "እስቲ ዘፈኑን ክፈቱት።"

መሰረት ወደኔ አየች። እኔ ወደ ዱቄቱ አየሁ። "ጋሼ፣ ይቅርብዎት" አለች።

"ክፈቺው ልጄ።"

ስልኳ ላይ ከፈተችው። የካንትሪ መጥፎ ነገሩ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ቃሉ ሁሉ ጥርት ብሎ መሰማቱ ነው፤ የሱቅ እንግሊዝኛ ላለው ሰው እንኳ አያመልጠውም። ማሉሜ ሲፖ ባንጆውን ይገርፋል፣ መሰረት ትጀምራለች፤ ትርጉሙም ይህን ይመስላል፦

ጫማዬ ካንተ ጋር፣ እግሬ ሲሚንቶ ላይ፣
ለሠርግ የጋገርኩት ዳቦ በደረቴ፤
ተራራውን ስትወርድ ከኋላህ ብታይ
ማን እንደሌለ ታውቅ ነበር፣ አባቴ።

ጋሽ ኤርሚያስ አንገታቸውን መነቅነቅ ጀምረው ነበር፤ መሀል ላይ አቆሙ። ጋሽ ደሳለኝ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጋሽ ወልዴ ስልኩ ላይ እንዳፈጠጡ ቀሩ። ሦስቱም እዚያች መኪና ውስጥ ነበሩ። ዓለም ላይ በባዶ እግሯ ድፎ ዳቦ ታቅፋ ማደያ ላይ የቆመች ሴት ስንት ትኖራለች?

በዚህ መሀል የሱቁን ፍርግርግ አንድ ሰው በሳንቲም አንኳኳ። እኒያው ጎጎ ነበሩ፤ የማዶው ሱቅ ዘግቶ መሆን አለበት። ዘፈኑን ሰሙና ዳቦ መጠየቁን ትተው አዝማቹን ከውጭ ሆነው ከፍ ባለ ድምፅ ተቀበሉት። ሌላም ሰው ተቀላቀለ። ውጭ ሰፈሩ "ጥሎኝ ሄደ" ይላል፤ ውስጥ ጋሽ ወልዴ ከነኮታቸው እየኮሰመኑ እየኮሰመኑ ይሄዳሉ።

እኔ አላስቻለኝም። እኚህ ሰው የስንቱን ቤት አቁመዋል፤ የኛንም ሠርግ የመረቁት እሳቸው ናቸው። ብድግ አልኩና በዱቄት የነጣው መሬት ላይ ተንበረከክሁ።

"አባቶቼ፣ አጥፍቻለሁ" አልኩ። "ማደያው ላይ ጥያት የሄድኩት እኔ ነኝ። ወሬ ይዞኝ ነው። ውስኪውንም ጠጥቻለሁ። ውሻውንም አስሬዋለሁ። ይቅር በሉኝ፤ እሷም ትዝፈን።"

መሰረት አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ወልዴ ተነሱ፤ ጉልበታቸው ተንቋቋ። በብብቴ ይዘው አነሱኝና ዱቄቱን ከሱሪዬ ላይ በእጃቸው አራገፉልኝ።

"መንዳት ትችላለህ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"አልችልም ጋሼ።"

"እንግዲያው ዝም በል።"

ወደ መሰረት ዞሩ። ድምፃቸው ወርዷል። "ያቺ ሴትዮ… ዘፈኑ ላይ አልቅሳለች?"

"አላለቀሰችም ጋሼ። ዳቦዋን ቆርሳ ለነዳጅ ቀጂዎቹ አደለቻቸው።"

"ለኛ 'ዳቦው ጠፋ' ነበር ያለችን" አሉ ጋሽ ኤርሚያስ።

"ይቅር ብላዋለች?" አሉ ጋሽ ወልዴ።

መሰረት ጊታሯን አቀፈችው። "ይቅርታ እኮ አልጠየቃትም፤ ምን ብዬ ልጻፍ?"

ዘፈኑ አልቆ ነበር። ጎጎ ከውጭ "ድገመው!" ይላሉ። ጋሽ ወልዴ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፤ እንደገና ፈቱ፤ እንደገና ቆለፉ።

"ተነሱ" አሉ። "የምናስታርቀው ሌላ ቤት አለ። እኔ በዚህኛው ሽማግሌ መሆን አልችልም፤ ተከሳሽ ነኝ። ኤርሚያስና ደሳለኝ ግብረ አበር ናችሁ፤ ግን ምን ይደረግ። ሦስተኛው አንተ ነህ" ብለው ትከሻዬን ያዙ።

እኔ! ከግማሽ ሰዓት በፊት ሰካራም የነበርኩት! ኮት አልነበረኝም፤ ጋሽ ደሳለኝ የራሳቸውን አውልቀው አለበሱኝ፤ እጅጌው ጣቴን ዋጠው። ሱቁን ለጎጎ አደራ ብዬ፣ እሳቸውም "አሁን ሰው ሆንክ" ብለውኝ፣ ሄድን። መኪናቸው ውስጥ ማንም ፖለቲካ አላነሳም።

እትዬ አማረች በር ከፈቱ። አራት ወንዶች ከመሰረት ጋር ቆመናል። ባላቸውን ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲያዩ፣ ነገሩ ወዲያው ገባቸው መሰለኝ፤ በሩን ይዘው ቆሙ። በልማዱ መናገር ያለበት ሽማግሌ ነው፤ ጋሽ ኤርሚያስም ጋሽ ደሳለኝም ወደኔ አዩ።

"እትዬ፣ ለዕርቅ ነው የመጣነው" አልኩ፤ ድምፄ እንደ ጎረምሳ ሰለለ። "ካልፈቀዱልን አንቀመጥም።"

"ማን ነው ያጠፋው?"

ጋሽ ወልዴ ወደፊት ወጡ። በከተማው ስንቱን ያስታረቀ አፋቸውን ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘጉት። በመጨረሻ፣ "አማረች፣ ዞሬ ማየት ነበረብኝ" አሉ።

እትዬ አማረች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላወቅንም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጋሽ ደሳለኝ በሰጡኝ ኮት እጅጌ ጠረግሁት። እትዬ አማረች ነጠላውን አወረዱና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

"ግቡ። ይቅር ብዬዋለሁ" አሉ። ከዚያ መሰረትን በክንዷ ያዟት። "ዘፈኑን ግን፣ ልጄ፣ እንዳትነኪው። አንዲት ቃል እንዳትቀይሪ።"